የተተከለውን ወይስ የጸደቀውን እንቁጠር?

በአገራችን አንድ ሥራ ሲጀመር ጭብጨባው ብዙ ነው፤ ሥራው ከምን ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሠርጉን እንጂ ትዳሩን የሚጠይቅ የለም ማለት ነው። ይህ ጠባያችን እንደ ደን ልማት ባለ፣ ፍሬው ከዓመታት በኋላ በሚታይ ሥራ ላይ ሲሆን ጉዳቱ የከፋ ስለሆነ፣ ስለ ኅብረተሰብ ደን ክትትልና ግምገማ ያየነውንና የመሰለንን ለጓደኞቻችን ልናካፍል ወደድን።

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪን ከዛፍ ጋር ምን አገናኘው? ይህስ የወንዶ ገነት ልጆች ሥራ አይደለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ዛፍን መለካት የነሱ ሙያ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ችግኙ ለምን ጸደቀ፣ ለምንስ ደረቀ ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ከአፈሩና ከዝናቡ ቀጥሎ የሚያገኘው የሰውን ነገር ነው። መሬቱ የማን ግጦሽ ነበረ? እንዲከለል የወሰነው ማን ነው? ሲያድግስ ማን ይጠቀምበታል? ይህ ደግሞ የኛ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ጥር፣ በክረምት ችግኝ የተተከለበት አንድ የገጠር ኮረብታ ሲቆጠር እንድናግዝ ተጠይቀን ሦስት ሆነን ሄድን። የተሰጠን ቅጽ የተቆፈረውን ጉድጓድ፣ የተተከለውን ችግኝና የወጣውን ሕዝብ ብዛት በሰፋፊ ዓምድ ይጠይቃል፤ የጸደቀውን የሚጠይቀው ዓምድ ግን ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተጣቦ የገባ ነው። ገመድ ዘርግተን በየመደዳው ስንቆጥር ባዶው ጉድጓድ ከሞላው በልጦ አገኘነው። አንዳንዱ ችግኝ ፕላስቲኩ ሳይወልቅለት ስለ ተተከለ ሥሩ ታፍኖ ደርቋል፤ አንዳንዱን ከብት ረግጦታል፤ ሌላው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል የተተከለ ነው።

አብሮን የነበረው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ከኛ ይልቅ ያውቃል። «ታዲያ እንዲህ ብለህ ለምን አትጽፍም?» ብንለው፣ «የጎረቤት ቀበሌ ከፍ ያለ ቁጥር ልኮ ሳለ እኔ ዝቅ ያለ ብልክ፣ ቀበሌው ሳይሆን እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለን። ልንፈርድበት አልቻልንም። እውነት የጻፈ የሚጎዳበት፣ ያበዛ የሚመሰገንበት መዝገብ እውነትን ሊይዝ አይችልምና።

ስንመለስ የማገዶ ሸክማቸውን አውርደው ያረፉ አንዲት እናት አገኘን። ሰላምታ ሰጥተን ስለ ኮረብታው ብንጠይቃቸው፣ «መከለሉስ ደግ ነው፤ ጎርፉ ቀንሶልናል። ግን ከተከለለ ወዲህ ጭራሮ ለመልቀም ከወንዙ ማዶ ነው የምንሄደው፤ ጧት ወጥተን በቀትር ነው የምንመለሰው። ይህስ ከወረቀታችሁ ላይ አለ ወይ፣ ልጆቼ?» አሉን። ወረቀታችን ላይ አልነበረም። የሴትዮዋ አነጋገር ሥራውን የሚነቅፍ አልነበረም፤ ጥቅሙንም ጉዳቱንም በአንድ ትንፋሽ ነገሩን። እንዲህ ያለ የተሟላ ግምገማ በዚያ ቀን ከሌላ ከማንም አልሰማንም።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ክትትል ማለት ሥራው በታሰበው መንገድ እየሄደ መሆኑን በየጊዜው ማየት ነው፤ የደረቀው ሳይበዛ፣ አጥሩ ሳይፈርስ ለመድረስ ነው። ግምገማ ግን ከዚህ ይጠልቃል፤ ሥራው የታሰበለትን ጥቅም አመጣ ወይ፣ ለማንስ አመጣ ብሎ መጠየቅ ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱም ተደባልቀው «ይህን ያህል ተተከለ» በሚል አንድ አረፍተ ነገር ተተክተዋል።

የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ ታሪካችን ያስረዳል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬው በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል በመጣ እህል እየተከፈለው እርከን ሠርቷል፣ ዛፍም ተክሏል። ሪፖርቱ እርከኑን በኪሎ ሜትር፣ ችግኙን በሚሊዮን ይቆጥር ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ቦታ ያው የተከለው ሕዝብ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ዛፍ ጠልቶ አይደለም፤ ደኑን «የመንግሥት» እንጂ «የኛ» ብሎት ስለማያውቅ ነው። በወረቀት ያልተጠየቀውን ጥያቄ መጥረቢያ መለሰው።

በቅርቡም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሯል። ይህን ያህል ሕዝብ ለዛፍ መነሣቱ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በዚያን ቀን ሊቆጠር የሚችለው የተተከለው ብቻ ነው፤ የጸደቀውን የሚነግረን ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለም?

የተሻለ ምሳሌ ፍለጋ ግን ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በወላይታ በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ለሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰጥቶ እንዲያገግም ተደርጓል። አብዛኛው ዛፍ አልተተከለም፤ ከመሬት በታች ያልሞተው ሥርና ጉቶ ከከብትና ከመጥረቢያ ሲጠበቅ አቆጠቆጠ እንጂ። የችግኝ ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሥራ ከባዶ ይቆጥረው ነበር። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶ ስምምነት መሠረት ስለ ተመዘገበ፣ የካርቦን ክፍያ የሚገኘው ዛፉ ቆሞ ሲለካ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ናሙና ቦታዎች ተመርጠው የእያንዳንዱ ግንድ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካ ነበር፤ ልኬቱንም ከሥራው ነጻ የሆነ ወገን ይመረምረው ነበር። ሆኖም የካርቦን ሚዛን የግንዱን ውፍረት እንጂ የማገዶ ለቃሚዋን ድካም አይመዝንምና፣ እሱም ብቻውን በቂ ነው አንልም።

እንግዲህ የመሰለንን እንናገር። አንደኛ፣ ከመትከሉ በፊት የመሬቱና የሕዝቡ ኑሮ እንዴት እንደነበረ ይመዝገብ፤ መነሻው ያልታወቀ መንገድ ርቀቱ አይለካም። ሁለተኛ፣ ቆጠራው ከመጀመሪያው በጋ በኋላ ተጀምሮ፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቦታ ይደገም። ሦስተኛ፣ የመለኪያውን ገመድ የሚይዘው የአካባቢው ሰው ይሁን፤ ውጤቱም ወደ ላይ ከመላኩ በፊት ወንድም ሴትም ባለበት በቀበሌው ስብሰባ ይነበብ። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የኅብረተሰብን ደን በሕግ አውቋል፤ ባለቤት የተባለ ሕዝብ ደግሞ ያለውን ሀብት ሊያውቅ ይገባዋል። አራተኛና ዋናው፣ ዝቅተኛ ቁጥር በእውነት ያመጣ ሠራተኛ አይቀጣ።

ጓደኞቻችን ሆይ! ዛሬ በቅጹ ላይ የምናማርር ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ቅጹን የምናዘጋጀው እኛው ነን። እስከዚያ ድረስ ማኅበራችን አንድ ኮረብታ መርጦ፣ በየዓመቱ ጥር ፈቃደኛ ተማሪዎችን እየላከ፣ ከቀበሌው ሰዎች ጋር ቢያስቆጥርና ውጤቱን በዚህችው መጽሔት ቢያወጣ ወጪው ከአውቶቡስ ኪራይ አያልፍም። ይህ ሐሳብ ጉድለት አለበት የሚል ወይም የተሻለ የሚያውቅ ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልን።