ስለ ድንኳን ስፍራ አመራረጥ

አባቶቻችን በጉዞና በዘመቻ ጊዜ ውሃ፤ እንጨትና ሣር የሚገኝበትን እየመረጡ ይሰፍሩ ነበር እንጂ ድንኳናቸውን በደረሱበት ሁሉ አይተክሉም ነበር። ዛሬ ድንኳን ለዕረፍትና ለልጆች ደስታ የሚተከል ሲሆን፤ ያ ጥንቃቄ የተረሳ ይመስላል። እኔም ረስቼው ስለ ነበር፤ የደረሰብኝን ለቤተሰብ አባቶችና እናቶች ልንገር።

በአሜሪካ አገር ብዙ ቤተሰብ መኝታና ማድቤት ባለው መኪና እየተጓዘ፤ መንግሥት በከለለው ስፍራ፤ ቁጥር በተሰጠው መደብ ላይ ያድራል። በእኛም አገር በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በስሜን ተራሮች ፓርክ ሳንቃበርና ጨነቅ የታወቁ የድንኳን ስፍራዎች ናቸው። እንዲህ ያለ የተሰናዳ ስፍራ በሌለበት ግን መምረጥ የቤተሰቡ አባት ፋንታ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፤ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ አባቴ ወደሚኖርበት ወደ ሮቢት ሄጄ ነበር። በሶለል በዓል አንዲት ሌሊት በድንኳን አሳድራችኋለሁ ብዬ ለልጆቼ ቃል ስለ ገባሁ፤ ስፍራውን በአንድ ቀን አይተን እንመርጥ ዘንድ በማለዳ ተነሣን።

አስቀድመን ቆቦንና አላማጣን አልፈን፤ የግራካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን፤ ከኮረም ወዲያ አሸንጌ ሐይቅ ደረስን። ዳሩ አረንጓዴ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስል ነበርና ሴት ልጄ «እዚሁ ይሁን» ብላ ለመነችኝ። ነገር ግን መውጫ የሌለው ሐይቅ ነውና በክረምት ዳርቻው ረግረግ ሆኖ እግራችንን ዋጠው፤ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለ ሆነም የሌሊቱ ብርድ ለሕፃናት የሚከብድ ነው። አንድ እረኛም ሣሩ የመንደሩ ከብት ግጦሽ መሆኑን በትሕትና ነገረን። ስለዚህ አመስግነን ወደ ቆላ ተመለስን።

ከቀኑ በስምንት ሰዓት ገደማ በሮቢት አጠገብ ወደ ጎሊና ወንዝ ወረድን። ውሃው በአንድ ወገን እንደ ቀጭን መቀነት ይፈስሳል፤ የቀረው የወንዙ ወለል በወንፊት እንደ ተነፋ ዱቄት ለስላሳ አሸዋ ነው። ጥላ አለ፤ ውሃ አለ፤ በላያችንም ሰማዩ ጥሩ ነበር። እኔም «ከዚህ የበለጠ ስፍራ የለም» ብዬ በእርምጃዬ ለካሁ፤ ወንድ ልጄም ድንኳኑ የሚቆምበትን ካስማ በድንጋይ መትቶ ተከለ።

በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አካፋ ተሸክመው ከማሽላው ማሳ ብቅ አሉ። ዓይናቸው እኛን ሳይሆን ወደ ምዕራብ፤ ወደ ግዳን ተራሮች ይመለከት ነበር። «ልጄ፤ ይህ የማን መኝታ እንደ ሆነ ታውቃለህን?» አሉኝ። «አላውቅም፤ አባቴ፤ ባለቤት ያለው አልመሰለኝም» አልሁ። «የጎሊና ነው፤ እርሱም ሲመጣ ደጅ አይመታም» አሉ።

እውነቱን ልናገር። የተማርሁ ነኝ የሚል ኩራት ያዘኝ፤ በልጆቼም ፊት ማፈርን ፈራሁ። ሰማዩን እያሳየሁ «ሻያችንን ጠጥተን እንነሣለን» ብዬ መለስሁ። ባለቤቴ ግን አንድ ቃል ሳትናገር ልጆቹን በሁለት እጆቿ ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ብቻዬን መቅረቱ ከብዶኝ ተከተልኋት።

ብዙም ሳይቆይ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ተሰማ። ደፍራሽ ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ፤ ሻይ ልንጠጣበት የነበረውን ስፍራ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። በእኛ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ዝናሙ የዘነመው በደጋ ነው፤ ተራራው ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ውሃው ፀሐይ ወደ ወጣበት ቆላ በጥቂት ጊዜ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አፋር ምድር ይወርዳል። ልጄ የተከለው ካስማ ወዴት እንደ ሄደ እግዚአብሔር ያውቃል።

እጅግ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። እኛ በፍርሃት ስንንቀጠቀጥ ሽማግሌውና ጎረቤቶቻቸው አካፋቸውን ይዘው በደስታ ሮጡ። ጎርፉን በቦይ ጠልፈው ወደ ማሽላቸው መሩት። ልጆቼን ሊወስድብኝ የነበረው ውሃ ለእነርሱ የዓመት እንጀራ ነበር። ስጠብቁት የዋሉትን እንግዳ እኔ በአልጋው ላይ ተኝቼ ልቀበለው ነበር።

ምሽት ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ፤ በክረምት ባዶውን የሚውለውን አውድማቸውን ሰጡን። ከወንዙ የራቀ፤ ከፍ ያለና የተደለደለ ነው። በሶለል ሌሊት ድንኳናችንን በዚያ ተክለን የልጃገረዶቹን ዘፈን ከሩቅ እየሰማን በሰላም አደርን።

እንግዲህ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ በሜዳ ለማደር የምታስቡ ሁሉ፤ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አትመልከቱ፤ ውሃው የሚመጣበትንም ተራራ እዩ። በደረቅ ወንዝ ውስጥ አትስፈሩ። ሣሩ የማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ፤ የአገሩ ሰው በተናገራችሁ ጊዜ ሻያችሁን ሳትጨርሱ ተነሡ።