የናፍጣ ደብተር

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ መግቢያ፣ ጦርነቱ ከደሴ ዘወር ባለ በሁለተኛው ሳምንት፣ የእናቴን ቤት ልንጠርግ ሙጋድ ገባን። ቴሌቪዥኑ የለም። ፍራሹ የለም። የብረት ሣጥኗ ተገልብጦ የዘመናት ወረቀት መሬት ላይ ተዘርግፏል። ከወረቀቱ ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ወጣ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በአባቴ ቀጥ ያለ የወታደር ቤት ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «ደሴ - ኮምቦልቻ - ደሴ። ሰው 22። ናፍጣ 15 ሊትር።» ከሥሩ ቀኑ ብቻ ተለውጦ ያው 22፣ ያው 15። እናቴ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ስለ ቴሌቪዥኑ ከዚያ ወዲያ አላነሣችም።

አባቴ ዐሥር አለቃ ሹፌር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን መኪናውን መንገድ ላይ ትቶ በእግሩ ደሴ ገባ፤ ከጥቂት ዓመታት መንከራተት በኋላም ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የመጋዘን ሠራተኛ ሆነ። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የሚለያያቸው ከርቀቱ ይልቅ ከፍታው ነው፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ጦሳን ተንተርሳ ስትቀመጥ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። ጠዋት ደሴ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን ይሸከመዋል።

ፋብሪካው በዚያን ጊዜ ለሠራተኛው ሰርቪስ አልነበረውም። በዚያ ጎህ የሚነሣ ታክሲ አይገኝም፤ ኮምቦልቻ ቤት መከራየት ደግሞ በአንድ ደመወዝ ሁለት ቦታ ጉልቻ መጎለት ነው። እናም የሰፈራችን ሠራተኞች እቁብ ጥለው፣ ከዘመድም ተበድረው፣ ከሠራዊት የወጣች አሮጌ ኢፋ በጨረታ ገዙ። ሹፌሩ አባቴ፣ ማደሪያዋም የእኛ ደጅ ሆነ። ስምምነታቸው አጭር ነበር፦ ሁሉም በየወሩ እኩል ያዋጣል፤ የናፍጣው ወጪ ሦስት ወር ተከታትሎ ከመዋጮው ከበለጠ መኪናዋ ትሸጣለች። መኪናዋ ከተሸጠች ሃያ ሁለት ሰው ወይ ሥራውን ወይ ቤቱን ይለቃል።

ኢፋን የማያውቅ የወሎ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዋናው ሞዴል ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ሉድቪግስፌልደ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1990 ሲሠራ ቆይቶ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ግን ከመኪናው ይልቅ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1977 በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ምሥራቅ ጀርመን ዶላር ስላጠራት ቡናችንን በጦር መሣሪያና በከባድ መኪና ለመለወጥ ከደርግ ጋር ተስማማች። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር። ጠዋት በረንዳ ላይ ሲኒውን ይዞ ወደ ኢፋዋ እያየ «እሷም ቡና ናት» ይል ነበር።

መንገዱም ቢሆን ለናፍጣ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ደሴ የገባው የጣሊያን ጦር የናፍጣ ከባድ መኪኖቹን ይዞ መጥቷል፤ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድም ያስፋፋው እሱ ነው። የኤርትራ ጦርነት እስከፈነዳበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የምንቀዳው ናፍጣ ራሱ በቦቴ የሚመጣው በዚሁ መንገድ ከአሰብ ነበር።

የመኪናዋ ጠባይ እንዲህ ነበር። አራት ሲሊንደር፣ ስድስት ሊትር ተኩል ሞተር፣ 125 የፈረስ ጉልበት። ቱርቦ የላትም፤ የምትተነፍሰው ያገኘችውን አየር ነው። ደሴ ላይ የሚገኘው አየር ደግሞ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፖምፓዋ ይህን አያውቅም፤ ለጀርመን ሜዳ የተለካላትን ናፍጣ እዚህም ትረጫለች። አየር ያላገኘው ናፍጣ በማርሚታው በኩል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ማታ ሐረጎን ስትወጣ ከኋላዋ ያለው መኪና አይታይም ነበር። ከካሶኒው ሸራ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው እቤት ሲገቡ ነጠላው በአፍ ልክ ጠቁሯል።

ሁለት ወር ተከታትሎ ጎደለ። በሦስተኛው ወር አባቴ ወታደር ቤት የተማረውን ዘዴ አወጣ። እስከዚያ ቁልቁለቱን የሚወርደው ሞተሩን እያሠራ በዜሮ ማርሽ ነበር፤ አሁን ግን ሐረጎ ጫፍ ሲደርስ ሞተሩን ጭራሽ አጠፋው። ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩና በዕረፍት ቀኔ አብሬው ወርጃለሁ። ድምፁ ድንገት ሲጠፋ ሃያ ሁለቱም ሰዎች ዝም አሉ። የሚሰማው ነፋሱና የሸራው መርገብገብ ብቻ ነው። ከካሶኒው አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጠዋት ያደረጉትን ዱዓ እንደገና ጀመሩ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም «አሚን» አለ። ወሎ ነው።

የኢፋ ፍሬን በአየር የሚታገዝ ነው። አየሩን የሚሞላው ደግሞ ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። ይህን አባቴ ያውቃል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የተጠራቀመው አየር እስከ ታች ያደርሰኛል ብሎ ግን ያምን ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ አንድ ጥምዝ ላይ፣ ፊት ለፊት ሽቅብ የሚመጣ ተሳቢ መንገዱን ይዞ ገጠመው። አንዴ ረገጠ። ሁለቴ ረገጠ። በሦስተኛው ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። በእጅ ፍሬንና በመንገዱ ዳር ቦይ ኢፋዋን ገደሉ ጫፍ ሳትደርስ አቆማት። ሰው አልሞተም። ፈትል ክፍል የሚሠሩ አንዲት እትዬ ከአግዳሚው ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ።

ደብተሩ ውስጥ የዚያን ቀን ገጽ ፈልጌ አገኘሁት። «አየር አለቀ። የ1 ሰው ክንድ። ናፍጣ 14።» አንድ ሊትር ተርፏል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቀን ሳይቀር መመዝገቡን እንደ ጭካኔ ልቁጠረው ወይስ እንደ ኑዛዜ፣ እስካሁን አልወሰንኩም። ቀጥሎ ያሉት ዘጠኝ መስመሮች ቀን ብቻ አላቸው፤ ቁጥር የላቸውም።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ኢፋዋ ፖምፓ ከሚሠራ አንድ ወጣት ዘንድ ቆመች። ልጁ ከአባቴ በዕድሜ በብዙ ያንሳል፤ እጁ ላይ የናፍጣ ቁስል አለበት። የሆነውን ሁሉ ከሰማ በኋላ ቀስ ብሎ፣

«ጋሼ፣ ሞተሩን ለምን ያጠፉታል? በማርሽ እየወረዱ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ቢያነሡ እኮ ፖምፓው ናፍጣ አይሰጥም» አለው።

«ሞተሩ እየዞረ?»

«እየዞረ። የሚያዞረው ጎማው ነዋ። ናፍጣ የሚበላው በዜሮ ሲለቁት ነው፤ ያኔ ራሱን ለማቆየት መብላት አለበት።»

አባቴ ተቆጣ። ሃያ ዓመት ነድቷል፤ ሳይበላ የሚሠራ ነገር አይቶ አያውቅም። ፖምፓው ፈትቶ በውስጡ ያሉትን ሁለት ክብደቶች አሳየው፤ ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ እየተከፈቱ የናፍጣውን ዘንግ ወደ መዝጊያው እንደሚገፉ በጣቱ እያንቀሳቀሰ ነገረው። አባቴ አየ፤ አላመነም። ዐይኑ ያመነው ልኬት ብቻ ነበር።

እናም ለካነው። በአንድ እሑድ፣ ሰው ሳንጭን፣ ከታንከሩ የሚመጣውን ጎማ ቱቦ ነቅሎ አምስት ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከተተው፤ የሚመለሰውንም ቱቦ እንዲሁ። ጀሪካኑን ጋቢና ውስጥ በጉልበቶቼ መሐል ያዝኩት። ከናፍጣው ልክ ላይ በምስማር ጫርን። መጀመሪያ በለመደው፣ ሞተሩን እያሠራ በዜሮ ማርሽ፣ ፍሬን እየያዘ ወረደ። ታች ስንደርስ ናፍጣው ከጭረቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል። ተመልሰን ወጣንና እንደገና ሞልተን ያንኑ ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ ወረደ። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ራሷን ይዛለች፤ የአየሩ መርፌ ከልኩ ንቅንቅ አላለም። ታች ቆምን። ጀሪካኑን ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። ከጭረቱ የወረደው ለዐይን አይሞላም።

አባቴ ወርዶ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጀሪካኑን ከእጄ ወስዶ እግሩ መሐል አኖረው። ብዙ ቆየ።

«ሃያ ዓመት» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ በኋላ ያለው በቶሎ ይነገራል። ፖምፓው የናፍጣውን ልክ ለደሴ አየር ቀነሰው፤ ጥቁሩ ጭስ ወደ ግራጫ ሳሳ። ጎማዎቹ ለአሸዋና ለጭቃ ተብሎ አየራቸው የጎደለ ነበር፤ እስከ ልካቸው ተነፉ። ለጦር ሜዳ የተገጠመው ዊንች ተፈትቶ ተሸጠ። የፊት ጎማ መንጃው ዝናብ ካልሆነ እንዳይገባ ሆነ። ማጣሪያው ተለወጠ። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ 14፣ 13 ተኩል፣ 13 እያለ ይወርድና 12 ላይ ይቆማል። በቀን ሦስት ሊትር ነው፤ በሃያ ስድስት የሥራ ቀን 78 ሊትር። መኪናዋ አልተሸጠችም።

ግን ፖምፓው ሲቀነስ ጉልበቷም ቀነሰ። ሐረጎን ማታ ስትወጣ በግ የሚነዳ ልጅ ይቀድማታል እያሉ ይስቁባት ነበር። ጠዋት ደግሞ በማርሽ ታፍና ስለምትወርድ የአንድ ሰዓቱን ፈረቃ ለመድረስ መነሻው ከአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ አሥራ አንድ ተኩል ተሳበ። በጥቅምት ውርጭ፣ በጨለማ፣ ሕፃን አዝለው ለአያት ሊያደርሱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው የሚነሡ እናቶች ነበሩ። ያ ሦስት ሊትር ከማሽን ብቻ የወጣ አይደለም፤ ከፊሉ የሰው እንቅልፍ ነው። ይህ ሒሳብ ደብተሩ ላይ የለም።

እኔ በኋላ የተማርኩትን ፊዚክስ ይዤ በኅዳጉ ላይ አንድ ስሌት ጻፍኩ። ከነሰዉ ሰባት ቶን የሚሆን ነገር 650 ሜትር ሽቅብ ማንሣት፣ ናፍጣው ከያዘው ጉልበት ሲሶው ብቻ ጎማ ይደርሳል ብንል፣ አራት ሊትር ያህል ይፈልጋል። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ የተራራው ናቸው። እነሱን ማንም ባለሙያ አይቀንሳቸውም።

ኢፋዋ ፋብሪካው አውቶቡስ ሲከራይ ተሸጠች። አባቴ ከጦርነቱ በፊት ዐረፈ። በዚያው በ2014 ዓ.ም. ክረምት የነዳጅ ድጎማው ሲነሣ የናፍጣ ዋጋ በአንድ ጊዜ ከ35 ብር ወደ 49 ብር ግድም ሲወጣ፣ ዜናውን እየሰማሁ እጄ ወደ ደብተሩ ሄደ። ያን ቀን ነው እስከ መጨረሻው ያገላበጥኩት።

የኋላው ገጽ የመዋጮ መዝገብ ነው። ሃያ ሁለት ስም፣ ከየስሙ ትይዩ የየወሩ ምልክት። ክንዳቸው የተሰበረው እትዬ ስም ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ነው። ሦስት ወር ከሥራ እንደቀሩ፣ ከዚያም በግማሽ ደመወዝ እንደተመለሱ አስታውሳለሁ። ከስማቸው ትይዩ ግን አንድም ወር ባዶ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው «ተከፍሏል፣ ተከፍሏል» ይላል፤ ጽሕፈቱ የአባቴ ነው።

ደብተሩን ይዤ ወደ ማድቤት ገባሁ። «ይህን አባዬ ነበር የሚከፍለው?» አልኳት።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ ገጹን አየችው።

«አባትህ ከየት አምጥቶ?» አለች። «የእኔ የጉሊት ብር ነው። እሱማ መጻፍ ብቻ ነበር ሥራው።»