ለልጅ ጊዜ ስጠው

በ1986 ዓ.ም. የጥምቀት ማግሥት እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዛ ከገጠር ወደ መካነ ሰላም መጣችና አንድ ፎቶ ቤት አስገባችን። ባለ ፎቶ ቤቱም ለደንበኞች የሚያውሰውን ኮት ለወንድሜ አለበሰው፤ በርጩማ ላይ አቁሞም «ቀጥ በል! አትነቃነቅ!» እያለ ተቆጣው። ልጁ እንባ እንዳቀረረ ፎቶግራፉን ተነሣ።

በዚያው ዓመት ክረምት ወንድሜ ታሞ ሞተ። ለእናቴ የቀራት መልኩ ያ ብቻ ነበርና ባየችው ቁጥር፣ «የኔ ልጅ ሳቂታ ነበር፤ ይህን አላውቀውም» ትል ነበር።

ኋላ እኔም በዚሁ ሙያ ስገባ የቁጣውን ምክንያት መረመርሁ። የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በነበረበት ዘመን፣ መልክ የሚቀረጽበት መስታወት ብርሃንን ቀስ ብሎ ይቀበል ስለ ነበር ተነሺው ድርቅ ብሎ መቆም ግድ ነበረው። የዛሬው ካሜራ ግን ከሰከንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ መልክን ይይዛል። ምክንያቱ አልፎአል፤ ቁጣው ግን ቀርቶአል።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ ልጅ ስታነሣ የደጋችን የቀትር ፀሐይ ዓይንን በጥላ ይጋርዳልና፣ ለስላሳ ብርሃን ከሚገባበት በር ወይም መስኮት አጠገብ አስቀምጠው። ተንበርክከህ ካሜራህን ከዓይኑ ትክክል አድርግ። የገዛ ልብሱን ይልበስ፤ የሚወደውን ነገር በእጁ ይያዝ፤ እናቱም አጠገብህ ሆና ታጫውተው። ከዚያም እስኪለምድህ ታገሥ።

ለአንድ ልጅ ብለህ ያጠፋኸው ግማሽ ሰዓት ይተካል፤ የልጁ መልክ ግን አይተካም።