የአክዓብ መሐለቅ

በ1851 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሜልቪልን «ሞቢ ዲክ» አንብበን ዶርም ውስጥ የተጨቃጨቅነው በነጩ ዓሣ ነባሪ አልነበረም፤ ካፒቴን አክዓብ ዓሣ ነባሪውን ቀድሞ ላየ እሰጣለሁ ብሎ ምሰሶው ላይ በቸነከራት የወርቅ መሐለቅ ነበር እንጂ።

መርከበኞቹ ተራ በተራ ያይዋታል። አክዓብ በተቀረጸው ማማም፣ በእሳተ ገሞራውም፣ በአውራ ዶሮውም የሚያየው ራሱን ነው። ስታርበክ በሦስቱ ተራሮች ሥላሴን ያያል፤ ስተብ የሰውን ዕድሜ። ፍላስክ ግን ክብ ወርቅ ናት ባይ ነው፤ 16 ዶላር፣ በሁለት በሁለት ሳንቲም 960 ሲጋር።

«ይሄ ነው ሰው!» አልን። ምልክት ምናምን የጥጋበኛ ጨዋታ መሰለን።

ኋላ አንዱ ጓደኛችን እርሳስ አንሥቶ ቢያካፍለው 800 ብቻ ወጣ። ሳቅን፤ ከዚያ ዝም አልን። ገንዘብ ብቻ አየሁ ያለውም ለካ ያየው ምኞቱን ኖሯል!

እኛስ ከፍላስክ ጋር ለምን ወገንን? የወር መጨረሻ ነበር፤ ኪሳችን ባዶ።