ይዘት ነው

የድጓ መምህር ነኝ። ለብዙ ዘመን ያላየሁትን እንዳየሁ ሆኜ አስተምሬአለሁ። ለነፍስ አባቴ ተናግሬ ንስሐዬን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ጥፋቱ ከእኔ አልፎ የሰው መጽሐፍ ውስጥ ገብቷልና በአደባባይም ልናገረው ይገባል።

ጋይንት ላይ ሩቅ ማየት ያስመሰግናል። በእረኝነቴ ከገደሉ ማዶ የሚመጣውን ሰው በአካሄዱ ለይቼ ስሙን ስጠራ ይደነቁብኝ ነበር። እዚያው ጋይንት፣ ቤተልሔም ድጓ ስማር ማታ ማታ ግንባሬን ይወቅረኝ ጀመር፤ የጥናት ድካም ነው ብዬ አለፍሁት። አርባን ስሻገር ፊደሉ ደበዘዘ። ከፊደሉም ይልቅ በላዩ የሚጻፈው የዜማ ምልክት ባሰ፤ ነጥቡ ይዘትና ሰረዙ ጭረት አንድ ሆኑብኝ።

መነጽር መግዛት እችል ነበር። አልገዛሁም። መጽሐፉን ዘርግቼ፣ ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድሁ፣ በቃሌ የያዝሁትን እል ነበር። መነጽር የከተማ ሰው ጌጥ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ሐሰት ነው። ወንበሬን እንዳልነጠቅ ነው ልል ደግሞ አሰብሁ፤ እሱም ሐሰት ነው፣ ወንበሬን የተመኘብኝ አልነበረም። እውነቱ፣ የሚጎድለው ሰው ሆኜ በተማሪ ፊት መታየትን አልወደድሁም። ይህን የሚያነበውም በልቡ የሸሸገው እንዲህ ያለ ነገር እንዳለው አውቃለሁ።

አንድ ተማሪ የራሱን ድጓ ከእናት መጽሐፉ እየቀዳ ሲጽፍ ከአስተምህሮው ክፍል አንድ ስፍራ ተጠራጠረ። «የኔታ፣ እዚህ ላይ እናት መጽሐፉ ይዘት ነው የሚለው?» አለኝ። ዘወትር የማይባል ስፍራ ስለ ነበር በቃሌም አልጸናም። መጽሐፉን አቀረብሁ፣ አራቅሁ። «አልታየኝም፣ አንተ እየው» ማለት ይበቃ ነበር። «ጭረት ነው» አልሁት። ልጁ የጻፈውን ይዘት በምላጭ ፍቆ ጭረት አደረገበት።

በኋላ ጎንደር ወርጄ ተመረመርሁ። ዓይኔ ሲፈጠር አጭር ነው አሉኝ፤ ብርሃኑ ከሬቲና በስተኋላ ይገጥማል። በወጣትነት የዓይን ሌንስ እየተጨነቀ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ዕድሜ ሌንሱን ሲያደነድነው የተሸፈነው ይወጣል።

ዓይንን በሌዘር ማስተካከል እንዳለ ሰምቼ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ሳይቸኩል አስረዳኝ። ኮርኒያ የሚባለው ከፊት ያለው ጥርት ያለ የዓይን ክፍል መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ሩቅ ለማያይ ሰው መሐሉን ቀርፈው ጠፍጠፍ ያደርጉታል፤ ለእኔ ዓይነቱ ግን ዙሪያውን በቀለበት ቀርፈው መሐሉን ያሾሉታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የተፈቀደ ሌላ መንገድም ነበር፤ የኮርኒያውን ዙሪያ በሬዲዮ ሞገድ እያሞቁ ማኮማተር ነው፣ ውጤቱ ግን ከጊዜ ጋር ይለቅ ነበር። የሌዘሩም ቢሆን፣ ሩቅ ለማያይ ሰው ከሚሠራው ይልቅ ለእኔ ዓይነቱ የሚሠራው ወደ ኋላ የመመለስ ጠባይ አለው። የደነደነውን ሌንስ ደግሞ አያድሰውም። ከዚያ «መነጽር ለምን ጠሉ?» አለኝ። «ዕጣኑና አቧራው ያስቸግረኛል» አልሁት።

ለሐኪምም ዋሸሁ። የፈለግሁት ማየትን ብቻ ቢሆን መነጽሩ ይበቃኝ ነበር። የፈለግሁት ደካማ እንደ ነበርሁ ምልክት እንዳይቀርብኝ ነው፤ ለዚያም ደኅና ኮርኒያ ላስቀርፍ ገንዘብ ላወጣ ነበር። በዚህ ሥራ በደንብ የተጠቀሙ ሰዎች አሉ፣ አልነቅፋቸውም። እኔ ግን የጠየቅሁት ሌዘር የማይሠራውን ነው።

ጎንደር ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት የስማዳ እናት ትዝ አሉኝ። የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ ቀልብሶት ኮርኒያቸውን ሲቧጥጥ ኖሮ ነጭ ጠባሳ አድርጎበታል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአገራችን ከታወሩት ከመቶው 11.5 ያህሉን ያሳወረው ይኸው ጠባሳ ነው። እኒያ እናት ስማቸው ሲጠራ «ልጄ፣ አይታየኝምና ምራኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ለዓመታት ያልወጣኝን ቃል ለማያውቁት ሰው ተናገሩት።

መነጽር ገዛሁ። መጀመሪያ የፈለግሁት ያን ስፍራ ነው። እናት መጽሐፉ ላይ ያለው ይዘት ነው።

ልጄ ሆይ፣ ወደ ስማዳ ወርደህ ወንበር ዘርግተሃል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንተ መጀመሪያ የጻፍኸው ልክ ነበር። ጭረቱን ፍቀህ ይዘቱን መልስ፤ ከመጽሐፍህ የቀዱ ተማሪዎች ካሉም ንገራቸው። ማን አሳሳተህ ብለው ቢጠይቁህ ስሜን አትሸሽግ።