ጎማም ግፊት ይለካለታል

በነርስነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት የብዙ ሰው የደም ግፊት ለክቻለሁ። አብዛኞቹ ሲቀመጡ የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ሲስተር፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ምንም አያመኝም»። የሚደነግጡት ቁጥሩን ስነግራቸው ነው። ግፊት በዓይን አይታይም፤ መሣሪያ ይፈልጋል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት ወደሚያመላልሰው ሚኒባስ በየጠዋቱ ስሸኝ፣ ጎማም እንደዚያው መሆኑን ማሰብ ጀመርኩ።

እኛ አያቶች ልጆቹ ቁርስ መብላታቸውን፣ ሹራብ መልበሳቸውን፣ ምሳ ዕቃቸውን መያዛቸውን እናያለን። ጎማውን ግን «የሹፌሩ ጉዳይ ነው» ብለን እናልፈዋለን። በድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ጎማ ፈንድቶበት ከተገለበጠ መኪና የወጡ ተጎጂዎችን ተቀብሎ ያውቃል፤ አይረሳውምም።

ነፋሱ ያነሰ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ያ መታጠፍ ሙቀት ይፈጥራል። ፍጥነት፣ ፀሐይና ጭነት ሲጨመርበት ውስጡ ያለው ክርና ሽቦ ከላስቲኩ እየተላቀቀ በመጨረሻ ሊፈነዳ ይችላል። ነፋሱ የበዛበት ደግሞ መሬት የሚነካው በመሐሉ ስለሆነ መሐሉ ቶሎ ይበላል፤ መሬት አጥብቆ አይዝም፤ ጉድጓድ ሲያገኝም በቀላሉ ይጎዳል። የዛሬ ጎማ በትክክል ተነፍቶም ጎኑ ትንሽ ወጣ ያለ ስለሚመስል፣ ማየትም ሆነ በእግር መታ መታ ማድረግ መለካት አይደለም።

ትክክለኛው ልክ አብዛኛውን ጊዜ የሹፌሩን በር ሲከፍቱ በሩ የሚገጥምበት ብረት ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ለብዙ የቤት መኪኖች ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። በኪሎፓስካል ከተጻፈ፣ 230 ማለት ወደ 33 ፒኤስአይ ነው። የፊትና የኋላ፣ ባዶና ጭነት ሲሆን ሊለያይ ስለሚችል ሁሉንም ያንብቡ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ ለመኪናዎ የታዘዘ ልክ አይደለም። የመድኃኒት ከፍተኛ መጠንና ለታማሚው የታዘዘው መጠን አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ።

ደረጃ ወጥቶ የመጣን ሰው ወዲያው የደም ግፊቱን አንለካም፤ አረፍ ይበል እንላለን። ጎማም የሚለካው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ወይም ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲለወጥ ግፊቱ በ2 ፒኤስአይ ገደማ ይለወጣል። ስለዚህ ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርዱ መንገድ ላይ ለክተው ከፍ ቢል አያስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናል።

ለሚኒባሱ ሹፌር መናገሩ ከብዶኝ ነበር። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። አንድ ጠዋት ግን «ወንድሜ፣ የኋላ ቀኙ ዝቅ ያለ መሰለኝ፤ ከተለካ ቆየ?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሲስተር፣ ጎሚስታው ትናንት አይቶታል።»

«አየው ወይስ ለካው?»

ዝም አለና «እውነቱን ልንገርዎት?» አለኝ። «እኔ የምነሳው 12 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚከፍት ጎሚስታ የለም። ሲከፍት ደግሞ ጎማው ግሏል። የራሴ መለኪያ የለኝም።»

ልክ ነበር። እኔም ለካ የምጠይቀው መሣሪያ ያልያዘን ሰው ነው። ልጆቻቸው ከሚሳፈሩ ወላጆች ጋር ጥቂት ጥቂት አዋጥተን መለኪያ ገዛንለት። በማግስቱ ሲለካ የኋላ ቀኙ ከግራው በ12 ፒኤስአይ አንሶ ተገኘ፤ ጎሚስታው ሲፈታው ሚስማር አወጣ። ሹፌሩ አሁን ሰኞ ሰኞ ሞተር ሳያስነሳ ይለካል፤ ቁጥሩንም በደብተር ይጽፋል።

ጤነኛ ጎማም ቢሆን በወር 1 ፒኤስአይ ገደማ ሊቀንስ ስለሚችል፣ የቤት መኪና በወር አንድ ጊዜ፣ ለበዓል ወይም ለሩቅ መንገድ ሲነሱም ይለካ። ስኮርት ጎማውን አይርሱ። ከሌሎቹ እየተለየ የሚቀንስ ካለ ነፋስ ሞልቶ ማለፍ ሕመሙን ትቶ ማስታገሻ መስጠት ነው፤ ሚስማሩ ወይም ቫልቩ ይታይ። በጎማው ጎን ከዲኦቲ ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞችም ይዩ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ይለወጥ። ሲነፋም ልጆችን ያርቁ።

ነገ ጠዋት ልጆቹን ስትሸኙ ሹፌሩን በአክብሮት ጠይቁት። መለኪያ ከሌለው ተዋጡና ግዙለት።