የቀን ገቢ

በ2009 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ነጋዴ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀን ገቢ ግምት ነበር። ደረጃ «ሐ» የሚባሉት፣ ያኔ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነ፣ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረባቸው ግብራቸው የሚወሰነው በግምት ነበር። ግምቱ ደግሞ ከ2003 ወዲህ አልታደሰም ነበር። በመካከሉ ስኳሩም ዘይቱም የቤት ኪራዩም የት እንደደረሰ ያየ ሰው፣ መጨመሩ እንደማይቀር ያውቅ ነበር። ያላወቅነው ስንት እንደሚጨምር ነው።

እኔ ያኔ ኮልፌ አካባቢ የአክስቴን ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አግዛለሁ። ገማቾቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ፤ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ቅጽ ይዟል። መደርደሪያውን ቃኝተው «እናቴ፣ በቀን ስንት ይሸጣሉ?» አሏት። «እንደ ቀኑ ነው ልጄ» አለች። ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ እንጃ። ከእኛ ወጥተው ወደ ጎረቤታችን ፀጉር ቆራጭ ገቡ። እሱ ዘንድ ወረፋ የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩና እነሱ ፊት ማነስ አልፈለገም፤ «እኔ'ኮ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ሃምሳ ሰው እቆርጣለሁ!» ሲል እስከ እኛ ሱቅ ተሰማ። ሃምሳው እንደተጻፈ ኋላ አወቅን፤ ቅዳሜው አልተጻፈም።

ሐምሌ ሲብት ወረቀቱ ደረሰን፦ 3,200 ብር በቀን። አክስቴ ተቀመጠች። «3,200 እያተረፍኩ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ጣሪያው የሚያፈስ ሱቅ ውስጥ የምቀመጠው?» ግምቱ የሽያጭ እንጂ የትርፍ አለመሆኑን ማስረዳት ከበደኝ፤ ለነገሩ ሰፈሩ ሁሉ እንደሷ ነበር የተረዳው። ሽያጭ ነው ቢባልም አያጽናናም። ሱቁ የሚዘጋባቸውን ቀናት ቀንሼ 300 ቀን ይዤ ሳሰላው 960,000 ብር መጣ። ከ«ሐ» ወጥታ «ለ» ልትገባ ነው፤ ያ ደግሞ መዝገብ መያዝንም ይጨምራል። በዚያ ሰሞን መርካቶ ሱቃቸውን የዘጉ ነበሩ፤ አምቦም ተቃውሞ መነሳቱን ሰማን።

ሰፈራችን ውስጥ በሂሳብ ሠራተኝነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሻይ ሊጠጡ መጥተው ወረቀቱን አዩና «ደብተር አላችሁ?» አሉ። አክስቴ የዱቤውን ደብተር ልታወጣ ስትል ከለከሏት። እኔ ከጥር ጀምሮ ማታ ማታ፣ ምን እንዳለቀ ለማወቅ ብዬ የዕለቱን ሽያጭ የምጽፍበት ባለመስመር ደብተር ነበረኝ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ገጽ መረጡ፤ ግንቦት 14፣ ሰኞ። ጠቅላላ 1,740 ብር። ከዚያ ውስጥ የስልክ ካርድ 610፣ ከሸማቾች ማኅበር የመጣ ስኳርና ዘይት 480፣ ሌላው ሁሉ ተደምሮ 650።

«አየሽ» አሏት፣ «ካርዱ ሽያጭሽን ያሳብጠዋል እንጂ የሚያስቀርልሽ ሳንቲም ነው። የሸማቾቹም ዋጋው የተቆረጠ ነው። ገማች መደርደሪያ ሲያይ ይሄ አይታየውም።» የዚያን ቀን ትርፍ ሲያሰሉት 130 ብር ገደማ ሆነ፤ ኪራይና መብራት ሳይነሳ። የሸማቾቹን ደረሰኞች በየወሩ አስለይተው በስቴፕለር አስመቱን። ለአክስቴ የሰጧት ምክር ግን ሌላ ነው፦ «ቅሬታ ስታቀርቢ አታልቅሺ። እዚያ የሚያለቅስ ሞልቷል።»

እውነታቸውን ነው። ቅሬታ ሰሚው በር ላይ ሰልፉ በዝናብ እስከ አስፋልቱ ወጥቷል። ከፊታችን የነበሩ ሴትዮ ስለ ልጆቻቸው ተናግረው ሲጨርሱ ጸሐፊው «ማስረጃ?» ብሎ ነው የመለሰላቸው፤ ልቤ ቢቆስልም እሱስ ቅጹ ላይ ምን ይጻፍ? የእኛ ተራ ሲደርስ አክስቴ ደብተሩንና ደረሰኞቹን ዝም ብላ አስቀመጠች። ገጾቹን እያገላበጠ የካርዱን ዓምድ በጣቱ ወደታች ሄደበት። ከሳምንት በኋላ ግምቱ 1,600 ሆኖ ተመለሰ። በእኔ ስሌት 480,000 ነው፤ «ሐ» ላይ ቀረች።

ግምቱ ፍትሐዊ ነበር አልልም። የዓመት ግብራቸው ከወር ኪራያቸው ያነሰ ሱቆች እንደነበሩም ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከሁሉ ቀድመው የጮኹትም እነሱ ናቸው።

ፀጉር ቆራጩ ከአፉ በቀር የሚያቀርበው ስላልነበረው ብዙ አልተቀነሰለትም። ተናድዶ ቆልፎ ሊሄድ ሲል ጋሼ ያዙት። ፈቃድ ሳይመለስ ሱቅ ቢዘጋ ግብሩ በየዓመቱ መቆጠሩን አይተውም፤ ዕዳውን ከፍለህ፣ ፈቃድህን መልሰህ፣ ክሊራንስ ይዘህ ነው የምትወጣው አሉት። ክፍያውን ሲያሰላው መቆየቱን መረጠ።

አክስቴ ከዚያ ወዲህ ለቤት የምታነሳውን ስኳር ሳይቀር ታስጽፈኛለች። ለግብር ብላ ለብቻው ሳምንታዊ ዕቁብ ገባች፤ ዳኛውን ለምና ዕጣዋን ሰኔ ላይ አስደረገች። በ2010 የ«ሐ» መክፈያ ሐምሌ 1 ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ከፍላ ሻይ ሳይደርስ ተመለሰች። ፀጉር ቆራጩ እስከ 30 ቆየ፤ ያን ቀን ደንበኞቹን ያስተናገድኩት እኔ ነኝ፣ «ወረዳ ተሰልፏል» እያልኩ።